ከወገብ በታች

ሰውየውን ሁላችንም ቀድመን ያወቅነው በድምፁ ነው። በትልቁ የአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ከትኬት መስኮቶቹ በላይ፣ መስታወቷ በአቧራ የደበዘዘ ጠባብ ክፍል ነበረችው። እዚያች ውስጥ ማይክሮፎን እንደጨበጠ ፀጉሩ ሸበተ። ነጎድጓድ የሚለውን ስም ያወጡለት ሾፌሮቹ ናቸው፤ ሞተር አስነስተው፣ መስኮት ዘግተው፣ ሬዲዮ ከፍተውም ቢሆን ይሰሙት ነበርና።

በዚያ ድምፅ ያልተነገረ ነገር የለም። የሚነሳ አውቶቡስ፣ የዘገየ አውቶቡስ፣ ጨርሶ የማይመጣ አውቶቡስ። አንድ ጊዜ መፀዳጃ ቤት ተረስተው ስለተገኙ ሰው ሠራሽ ጥርሶች፣ "ባለቤታቸው ምግብ ከማዘዛቸው በፊት ወደ ቢሮ ብቅ ይበሉ" ብሎ አውጇል። ከሚስታቸው ተደብቀው ሊሳፈሩ የነበሩ አንድ ትልቅ ሰውም፣ ሚስታቸው በር ላይ ቆመው እየጠበቋቸው መሆኑን ከነሙሉ ስማቸው የሰሙት ከእሱ ነው። ነጎድጓድ አያፍርም፣ አይንተባተብም ይባል ነበር።

እንዲህ የሚሉት ግን ቤቱን የማያውቁ ናቸው። ቤት ውስጥ የሴት ነገር ከተነሳ ምላሱ ይታሰራል። ሚስቱ አርግዛ ሳለ "ሆዷ ትንሽ ከብዷታል" ነበር የሚለው። ሴት ልጃቸው የተወለደች ዕለት ለሥራ ባልደረቦቹ "እቤት እንግዳ መጣብን" ብሎ ነገራቸው፤ አንዱ "መቼ ነው የሚሄደው?" ብሎ እስኪጠይቀው ድረስ ነገሩ አልገባቸውም። ልጅቷ አድጋ፣ እናትና ልጅ ጓዳ ገብተው መንሾካሾክ በጀመሩበት ሰሞን ደግሞ ነጎድጓድ መሰላል አቁሞ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ጠብታ ዝናብ በሌለበት ወር የማያፈስ ጣሪያ ሲጠግን ሰነበተ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ምላሷ ከመቀሷ አያንስም። ባሏን ለምዳዋለች። ልጃቸው አግብታ ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ ስለ ሰውነቷ የምታወራው ሰው አልነበራትም፤ እሷም ብትሆን ማውራት አልሞከረችም።

አንድ ቀን የመናኸሪያው ሥራ አስኪያጅ ነጎድጓድን አስጠርቶ "እንግዲህ ዘምነናል" አለው። መዘመን ማለት የተቀዳ የሴት ድምፅ ነበር፤ የማያስል፣ ሻይ የማይጠጣ፣ ደመወዝ የማይጠይቅ። ለነጎድጓድ የግድግዳ ሰዓት ሰጥተው፣ አጨብጭበው ሸኙት። የተቀዳችው ሴት በመጀመሪያው ቀን የሄደውን አውቶቡስ "ሊነሳ ነው" ስትል ዋለች። በጨዋ አነጋገር ስለሆነ ግን ማንም አልተቆጣም።

ነጎድጓድ ቤት ዋለ። ሰው የለመደውን በአንድ ጊዜ አይተውምና፣ ምሳ ሲቀርብ "ምሳ ቀርቧል! ተመጋቢዎች ወደ ጠረጴዛው!" ሲል ጎረቤት ሁሉ እጁን ይታጠብ ነበር። ሚስቱ ጨርቅ ስትቆርጥ ትደነግጣለች፤ መቀሱ መስመር ይስታል።

"ስማ" አለችው በመጨረሻ፣ "ወይ አንተ ሥራ ፈልግ፣ ወይ እኔ ሌላ ቤት ልፈልግ።"

ሥራው ሳይፈለግ መጣ። ከከተማው ሆስፒታል አንድ ጥናት ተጀምሮ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር። የጥናቱ አስተባባሪ ክራባቱን ሙቀትም ሆነ ብርድ የማያስፈታው፣ በሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ የሚያወራ ሰው ነው። ጨርቅ ላይ ያጻፈው ርዕስ "ወራሪ ባልሆነ ዘዴ የማህፀን ካንሰርን በለጋነቱ የመለየት የቅድመ ትግበራ የዳሰሳ ጥናት" ይላል። ጨርቁ ከድንኳኑ አጥር ስለረዘመ ጥጉን ዞሮ ታጠፈ፤ ከዋናው መንገድ ለሚመጣ ሰው የሚታየው "ወራሪ" የምትለዋ ብቻ ሆነች። በመጀመሪያው ሳምንት ድንኳኑን አይቶ መንገድ ያልቀየረ ሰው ጥቂት ነው።

"ሕዝቡ ግንዛቤ ያንሰዋል" አለ አስተባባሪው፤ እና ነጎድጓድን ቀጠረው።

ሥራውን ያስረዳችው ዶክተሯ ናት። ወጣት ሴት ናት፤ ሸራ ጫማ ታደርጋለች፤ ቀኑን ሙሉ ስታስረዳ ስለምትውል ድምፅዋ ዘግቷል።

"ጋሼ፣ ነገሩ ቀላል ነው" አለችው። "ሴት ካረጠች በኋላ፣ የወር አበባዋ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ማለት ነው፣ ደም ካየች ብዙውን ጊዜ ክፉ ነገር አይደለም። አንዳንዴ ግን የማህፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ነው። እስከ ዛሬ ለማወቅ ቀጭን መሣሪያ ማህፀን ውስጥ አስገብተን ቁራጭ እንወስዳለን። ያማል፣ ያሳፍራል። ስለዚህ አይመጡም። ሲመጡ ደግሞ መሽቷል።"

ነጎድጓድ የድንኳኑን ምሰሶ በጥሞና ይመለከታል።

"አሁን የምናጠናው ይህቺን ነው።" ከጠባብ ብልቃጥ ውስጥ ጫፉ ለስላሳ ጥጥ የሆነ እንጨት አወጣች። "ሴትየዋ ራሷ፣ ብቻዋን፣ መጋረጃ ውስጥ ሆና ናሙናውን ትወስዳለች። ማንም አያያትም፣ ማንም አይነካትም። ላቦራቶሪው ከዚህ ላይ የካንሰር ምልክት ይፈልጋል።"

"ይሠራል?"

"እሱን ገና አናውቅም። ለማወቅ ነው የምናጠናው። ለዚህ ደግሞ ሴቶቹ መምጣት አለባቸው።"

በማግስቱ ነጎድጓድ ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ በታሰረባት ፒክአፕ ገቢና ውስጥ ተቀመጠ። ማይክሮፎኑን ሲጨብጥ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ናፍቆት ነው። "እናቶች!" አለ። መንገዱ ቀጥ አለ። አንድ ብስክሌተኛ ወደቀ። ከዚያ ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጣና እዚያው ተቀመጠ። ሾፌሩ ገልመጥ አድርጎ አየው።

"እናቶች... በነፃ... ምርመራ... ከወገብ በታች!"

ረፋድ ላይ ድንኳኑ ሞላ። ወገባቸውን የያዙ ተሸካሚዎች መጡ። ኳስ ሲጫወት እግሩ ወለም ያለው ጎረምሳ መጣ። አዲስ ጫማ ያቆሰላት ሴት መጣች። ከሁሉም ፊት ጎረቤታችን የሆኑት ጡረተኛው አናፂ ሁለት ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

"ልጄ፣ መጋረጃው ውስጥ ልግባ?" አሏት ዶክተሯን።

"አባባ፣ ይሄ እኮ የሴቶች ነው።"

"ከወገብ በታች አላላችሁም እንዴ? እኔስ ከወገብ በታች የለኝም?"

ዶክተሯ እስከ ምሽት በማያልቅ ሰልፍ ፊት ቆማ ቀረች። አስተባባሪው ግን ወንበር ላይ ወጥቶ ሰልፉን ከግራም ከቀኝም ፎቶ እያነሳ ነበር። "የኅብረተሰቡ ተሳትፎ ከታቀደው በላይ" ብሎ ለበላዮቹ ላከ። አናፂው በሪፖርቱ ላይ ከተሳታፊ እናቶች ጋር ተቆጥረዋል ይባላል፤ እሳቸውም ሲነግሯቸው ቅር አላላቸውም።

በሁለተኛው ቀን ነጎድጓድ ማስታወቂያውን አሻሻለ። "የሴቶች የውስጥ ጉዳይ" አለ። ይሄኛው ሴቶቹን በእርግጥ አመጣቸው። አንዷ አማቷ ያደረጉባትን ስታወራ ግማሽ ቀን ሄደ። ሌላዋ ባሏን በእጅጌው ጎትታ አመጣችና ዶክተሯ ፊት አቆመችው፤ "ይኸውልሽ፣ የውስጥ ጉዳዬ ይሄ ነው" አለቻት።

ያን ቀን ዶክተሯ ነጎድጓድን ለብቻው ጠራችው።

"ጋሼ፣ ቃሉን ይበሉት።"

"የቱን?"

"ማህፀን።"

"ዶክተር፣ እኔ እኮ ልጅ ያለኝ ሰው ነኝ።"

"ልጅዎ ከየት መጣች?"

ነጎድጓድ ቀና ብሎ የድንኳኑን ጣሪያ መረመረ። እንዳያፈስ የሚፈትሽ ይመስል ነበር። ዶክተሯ ሳቋን ዋጠችና፣ "እቤት ይለማመዱ። ለባለቤትዎ ይንገሩ፤ እሳቸው ከሰሙ መንገድ ላይ አይከብድዎትም" ብላ አሰናበተችው።

እቤት ደርሶ መለማመድ ጀመረ። ሚስቱ በስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ሰማያዊ ኮሌታ ትሰፋለች፤ እሱ ጠረጴዛው ጋ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይንሾካሾካል።

"ምንድነው የምታጉረመርመው?"

"ሥራ ነው። ወደ ድንኳኑ መምጣት ያለባቸውን ነው።"

"እነማን ናቸው?"

"ሴቶች። ያ ነገር የቆመላቸው። ከቆመ በኋላ ደግሞ... ያ የሚታያቸው።"

"ምን የሚታያቸው?"

"ያ... ቀዩ።"

"ደም ነው?"

"አዎ፣ እሱ።"

መኪናው ቆመ። ከዚያ ሚስቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ ቀና ሳትል፣ "እኔ እኮ አይቻለሁ" አለች።

ነጎድጓድ ብድግ አለ። እግሩ በልማድ ወደ በሩ ወሰደው። እጀታውን ይዞ ቆመ። እውነቱን ለመናገር፣ መሰላሉ በዚያ በኩል እንዳለ ትዝ ሳይለው አልቀረም። ከዚያ እጀታውን ለቀቀና ተመልሶ፣ የተቆረጠ ጨርቅ የተከመረበት ወንበር ላይ ጨርቁን ሳያነሳ ተቀመጠ።

"መቼ?"

"አንተ ገና መናኸሪያ እያለህ ጀምሮ። ሲመጣ ሲሄድ ነው። መጀመሪያ ልጅነቴ የተመለሰ መስሎኝ ስቄ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"የት ቆመህ ልንገርህ?" አለችው። "ጣሪያ ላይ?"

ከተማ የሚያስደነግጥ ድምፅ ያለው ሰው "ነገ አብረን እንሄዳለን" ያላት እሷ እንኳ ለመስማት አንገቷን እስክታሰግግ ድረስ በቀጭን ድምፅ ነው።

በማግስቱ ሄዱ። ዶክተሯ ጥጡን ሰጠቻት፣ አሳየቻት፣ መጋረጃውን ዘጋችላት። ነጎድጓድ ውጪ ቆሞ ከአናፂው ጋር ስለ ጉልበት ያወራል፤ ላብ በላብ ሆኗል። ሚስቱ ቶሎ ወጣች።

"አለቀ?" አላት።

"አለቀ። ለዚህ ነው እንዴ አገር ያስጨነቅከው? መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ከዚህ ይከብዳል።"

ከዚያ መጠበቅ መጣ። አስተባባሪው ናሙናውን እዚያው የሚመረምር አዲስ መሣሪያ አስመጥቶ ነበር። ሪባን ተዘርግቶ፣ ንግግር ተደርጎ፣ ሪባኑ ተቆርጦ፣ ተጨበጨበ። ሁሉ ካለቀ በኋላ የመሣሪያው ሶኬት ድንኳኑ ውስጥ ካለው ማከፋፈያ ጋር እንደማይገጥም ታወቀ። ማገጣጠሚያውን ለመግዛት ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ዶክተሯ ናሙናዎቹን በበረዶ ሳጥን ይዛ፣ ታክሲ ተሳፍራ፣ ራሷ ዋናው ላቦራቶሪ ድረስ ትመላለስ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱንም አስቀመጠቻቸው።

"የኔ እናት፣ ጥጡ ላይ ምልክት ታይቷል። ያን ዕለት ያነሳንዎት አልትራሳውንድም የማህፀንዎ ሽፋን ወፍሯል ይላል። ግን ጥናት ላይ ያለ ነገር ስለሆነ በእሱ ብቻ አንወስንም። በድሮው መንገድ ቁራጭ ወስደን ማረጋገጥ አለብን።"

"በመሣሪያው?"

"በመሣሪያው።"

ሚስቱ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። "ታዲያ ከእሱ ያድናል ያላችሁት ነገር አላዳነኝማ።"

"እርስዎን አላዳነዎትም" አለች ዶክተሯ። "ከእርስዎ ጋር ተሰልፈው የነበሩትን ብዙዎቹን አድኗል። እነሱ ምልክት የለባቸውም፤ እየተከታተልን እናቆያቸዋለን።"

"ዕድል ነዋ!" አለች ሚስቱ። ሳቀች። ሳቁ ግን እስከ ዓይኗ አልደረሰም። ነጎድጓድ አይቶታል።

የቀጠሮው ቀን ሆስፒታሉ ምዝገባ አዳራሽ ገቡ። ወንበር የለም፤ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ነጎድጓድ ወደ መስታወቱ ቀዳዳ ጎንበስ አለ።

"የት ክፍል ነው?" አለ መዝጋቢው።

"የ... ሴቶች።"

"የሴቶች ምን? አጥንት ነው? ዓይን ነው? ቆዳ ነው?"

"የውስጥ ነው።"

"ውስጥ ደዌ?"

"ከዚያ ዝቅ ይላል።"

"ኩላሊት?"

"ትንሽ ዝቅ..."

"አባቴ፣ ሰልፍ አለ!"

ነጎድጓድ ዞሮ ሚስቱን አየ። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። ከተጋቡ ጀምሮ ስትፈራ ሲያያት ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። እናም ወደ ቀዳዳው ተመልሶ አፉን ከፈተ።

"የማህፀን!"

ድምፁ ዝቅ የሚልበት ቁልፍ የለውም። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤ መዝጋቢው ብዕሩን ጣለ፤ ዘበኛው ከግቢው በር ሮጦ መጣ። ከአዳራሹ ከዚህም ከዚያም "ሁለተኛ ፎቅ! በግራ በኩል!" የሚል መልስ ዘነበ። አንዲት አሮጊት "እኔም እዚያው ነኝ፣ ተከተሉኝ" ብለው ከፊት ፊት መሩ።

"ጉድ ፈላ" አለች ሚስቱ ደረጃውን እየወጣች። "አሁን የማያውቅ ሰው የለም።" ትከሻዋ ግን በሳቅ እየተነቃነቀ ነበር።

ምርመራው አመማት። ነጎድጓድ ኮሪደር ላይ ቆሞ ሰማት፤ ልጃቸው ስትወለድ ካጥር ውጪ ስለነበረ እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ሰምቶ አያውቅም። መልሱ ሲመጣ ካንሰር ነው፤ ግን በጠዋቱ የተያዘ፣ ከማህፀኑ ሽፋን ብዙም ያላለፈ። ማህፀኗ ይወጣል ተባለ።

ቀዶ ጥገናውን በሚጠብቁበት ሰሞን ነጎድጓድ ፒክአፗ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰፈራችን በሙሉ ያስታውሰዋል።

"እናቶች! ካረጣችሁ በኋላ ደም ያያችሁ! ልብስ እየደበቃችሁ አትጠቡ! ማህፀን ነው፤ እንደ ጥርስ፣ እንደ ጆሮ ያለ አካል ነው! ከማህፀን ያልወጣ ሰው ካለ እጁን ያውጣ!"

አናፂው በራፋቸው ላይ ቆመው እጃቸውን ሊያወጡ ከጀመሩ በኋላ አስበው መለሱት። ሴቶች በመስኮት አዩ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ ገበያ የሚሄዱ መስለው ወደ ድንኳኑ አመሩ።

በማግስቱ አስተባባሪው ጠራው። ቅሬታ ቀርቧል አለ። አንድ የተከበሩ ሰው ምሳ ሲበሉ ሰምተው ምግቡ አልወርድ ብሏቸዋል።

"ተመልከት" አለው ክራባቱን እያጠበቀ፣ "ጥናታችን ወራሪ አይደለም። ያንተ ቋንቋ ግን ወራሪ ነው።"

አገደውና በእሱ ፈንታ ለስለስ ያለ ሙዚቃ በድምፅ ማጉያው አስለቀቀ። ሙዚቃው ጥሩ ነበር፤ ልጆች ፒክአፗን ተከትለው ጨፈሩ። ድንኳኑ ግን ባዶውን ዋለ፤ ፎቶ የሚነሳ ሰልፍ ጠፋ። አስተባባሪው የራሱን ሠራተኞች አሰልፎ ከጀርባቸው ቢያነሳቸውም ሪፖርቱ አልሞላ አለው። ነጎድጓድ ሳምንቱ ሳያልቅ ተመለሰ፤ ይቅርታ የጠየቀው የለም፤ "ሥራህን ጀምር" ብቻ ተባለ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም ተጠናቀቀ። ወደ ሌላ አካል የሄደ ነገር አልተገኘም፤ ዶክተሯ ከክትትል በስተቀር ሌላ ሕክምና አያስፈልግም አለቻቸው። ልጃቸው መጥታ ሰነበተች። እናቷንም አባቷንም እኩል ተቆጣቻቸው፤ "እማዬ ዝም ብለሽ፣ አባዬ ጣሪያ ላይ ወጥተህ፣ እኔ ሰው አይደለሁም?" እያለች። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ሰሟት።

ሚስቱ ከባድ ነገር እንዳታነሳ ስለተከለከለች ነጎድጓድ ቤቱን ያዘ። አገልግሎቱ መልካም ነበር፤ አፉ ግን አልያዝ አለ። ዕድሜ ልኩን ያፈነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተዘረገፈ። ሊጠይቅ ለመጣው ሁሉ የተቀደደውንና የተሰፋውን በዝርዝር ያስረዳል፤ ለሱቅ ባለቤቱ፣ ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣው ልጅ፣ መንገድ ለጠፋው መንገደኛ ሳይቀር። አንድ ቀን ሚስቱ ከአልጋዋ ላይ ሆና፣ ከአጥር ውጪ ስለ ማህፀኗ ሽፋን ውፍረት ሲያወራ ሰምታ ጠራችው።

"አንተ ሰው፣ ና እስቲ።"

"አቤት?"

"ሐኪሞቹ ማህፀኔን አውጥተው እዚያው ተዉት። አንተ ግን ሰፈር ለሰፈር ይዘኸው ትዞራለህ። በቃ!"

"ለማስተማር ነው እኮ።"

"ፒክአፕ ላይ አስተምር። እዚህ ስሜን አታንሳ።"

ይህን ተስማሙ፤ ባይጠብቀውም።

የጥናቱ የመጀመሪያ ውጤት የተነገረ ዕለት ዶክተሯ መድረክ ላይ ወጥታ "ተስፋ ሰጪ ነው፤ ግን ያመለጡትም አሉ፤ ገና ብዙ ሴቶች፣ ብዙ ጊዜ ያስፈልገናል" ብላ ወረደች። አጭር ስለነበረ ብዙም አልተጨበጨበም። አስተባባሪው ረጅም ንግግር አደረገና አድጎ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ተዛወረ፤ አሁን ስለ ውሃ ቧንቧ ነው የሚያስተባብረው።

ሚስቱ ወደ ስፌቷ ተመልሳለች። ለልጆቻቸው ዩኒፎርም ሊያስለኩ የሚመጡ ሴቶች ልኩ ካለቀ በኋላ መሄድ ይረሳሉ። ባለፈው አንዷ እንዲሁ ቁልፍ እየነካካች ስትቆይ ሚስቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ በሩን ዘጋችላት። ሴትየዋ አወራች። በማግስቱ ድንኳኑ ሄደች፤ ጥጡም አልትራሳውንዱም ንጹህ ሆኖ ተገኘ። የልጇን የዩኒፎርም ቀሚስ ልትወስድ ስትመጣ ፊቷ በርቷል፤ ሚስቱም ደስ ብሏት አቀፈቻት። ከዚያ ሴትየዋ ቀሚሱን ገለጥ አድርጋ አየችና ጠርዙ አጥሯል ብላ ተከራከረች፤ ሚስቱም ፈታ እንደገና ሰፋችላት።